ከአናቱ እስከ ጣሪያው

ካልጋሪ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለምሥራች ወልደየስ፣
ኮምቦልቻ

እንዴት ሰነበትሽ፣ ምሥራች? ልጆችሽ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ እንዴት ናቸው? እኔ እንዳለሁ አለሁ።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ታገኛለሽ። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው ያንቺ ነው። አንብበሽ እሳት ውስጥ ጣይው። በጥቁር የተጻፈው የአባባ ነው፤ እሱን እንዳለ ስጪያቸው። እንዳትሳሳቺ ብዬ ነው ቀለሙን የለየሁት።

በስልክ ሁለታችንም ከማልቀስ በቀር ምንም ስላልተነጋገርን መጻፍ ይሻላል አልኩ። እጄ ቀርፋፋ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ከደብዳቤ ሌላ የጻፍኩት የለም፤ አሁን ደግሞ ብሶብኛል። አንድ መስመር ጽፌ እነሣና ቤቱን ዞሬ እመለሳለሁ።

መርዶው ይቆይ ያልሽውን ተቀብያለሁ። የአባባ የግራ ዓይን ገና በቀዶ ሕክምና መከፈቱ ነው፤ የቀኙ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሐኪሙም እንባ እንዳይነካው ካለ፣ ይቆይ። የባለቤቴን የወንድምሽን የጥላሁንን መርዶ ባረዷችሁ ቀን አባትሽ እንዴት እንደወደቁ ያየሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ እዚህ ካናዳ ነበርኩ። አሁን ደግሞ የልጃቸው ልጅ እንዲህ ሆነ ብዬ በወረቀት አልልክም። በአገራችን ሞት በወረቀት አይነገርም። በሰኔ ፈቃድ አገኛለሁ። ራሴ መጥቼ፣ ሽማግሌዎች ይዘን በማለዳ ገብተን እንነግራቸዋለን። እስከዚያ አንቺም እኔም እንቻለው። አንቺ አንድ ጣሪያ ሥር ስላለሽ ያንቺ እንደሚከፋ አውቃለሁ። ይቅር በይኝ።

ሌላም ነገር አለ። የልጄን የያቤጽን ሬሳ የመረመረው ሐኪም ጠርቶ አነጋግሮኛል። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ሳስቶ ነው የተቀደደው አለኝ። እንዲህ ያለው በጣም ረጃጅምና ቀጫጭን ሰዎች ላይ ይገኛል፣ በዘርም ይሄዳል አለ። «አባቱ በምን ሞተ?» ሲለኝ የማውቀውን ነገርኩት። ጥላሁን በድንገት እንደወደቀ ታውቂያለሽ። ያኔ ያጣራ ሰው የለም።

ይህን አባባ ፈጽሞ እንዳይሰሙ። ቁመቱ የእኔ ነው እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያንቺን ልጅ ጌዲዮንን ግን፣ አሁን እየተመዘዘ ያለበት ጊዜ ነውና፣ ሳትውይ ሳታድሪ አዲስ አበባ ወስደሽ ልቡን አሳዪው።

አባባ ለያቤጽ የጻፉለት ደብዳቤ ከቀብሩ በኋላ ነው የደረሰኝ። ሊገዛ ያሰበውን ሃይብሪድ መኪና አገኘህ ወይ፣ ልክህ ሆነ ወይ ይላሉ። ስንት ጥያቄ። እስካሁን ያቤጽ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ይናገር ነበር፣ እኔ እጽፍ ነበር፤ እዚህ ተወልዶ ፊደሉን እምብዛም ስለማይችል። አሁን የሚናገርልኝ የለም። ዝም ብል ይጠረጥራሉ። ስለዚህ ውሸትም ሳልጽፍ እውነቱንም ሳልጽፍ ስለ መኪናው ብቻ ጻፍኩ።

እህትሽ ተናኘወርቅ


ካልጋሪ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ወልደየስ

ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? ፊደል መለየት ከጀመሩ ብዬ ከወትሮው አጉልቼ ጽፌያለሁ። መልሱ ስለዘገየብዎ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ለያቤጽ የጻፉለት ደርሶኛል። ስለ መኪናው የጠየቁትን የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ሃይብሪድ ማለት ቤንዚንም ባትሪም ያለው ነው። ሶኬት ላይ አይሰካም። እየሄደ ራሱን ይሞላል፤ በተለይ ፍሬን ሲያዝና ቁልቁለት ሲወርድ። እርስዎ ባለ ተሳቢውን ይዘው ጣርማ በርን የወረዱበት ፍሬን ሁሉ ባትሪ ቢሞላ ኖሮ፣ አሰብ ደርሰው መመለሻም ይተርፍዎ ነበር።

ባትሪው የሰው ቦታ ይበላል ወይ ላሉት፣ በብዙዎቹ ከኋላ ወንበር ሥር ነው ያለው። ፊት ለሚቀመጥ ምንም አይነካውም። ኋላ ግን በአንዳንዶቹ ወንበሩን ከፍ ስለሚያደርገው፣ ረጅም ሰው አናቱ ጣሪያ ይነካል።

ባለፈው በጋ ያቤጽ ከሞከራቸው ብዙ መኪናዎች እኔ አብሬው ሄጄ ያየሁትን ሁለቱን አስታውሳለሁ። አንደኛዋ ጣሪያዋ ላይ የሚከፈት መስታወት ያላት ናት። እኔ ሰማይ ይታያል ብዬ ወደድኳት። ነገሩ ግን ለመስታወቱ መክፈቻ ቦታ ሲሉ ጣሪያውን ወደ ታች አውርደውታል። አንገቱን ሰብሮ እንደ ሙሽራ አቀርቅሮ ተቀመጠ። ሁለተኛዋ ለአናት ደህና ነበረች፤ ጉልበቱ ግን መሪውን ግራና ቀኝ አቅፎ ያዘው። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መጀመሪያ ቀኝ እግሩን ማስፈቀድ ነበረበት።

ነፍሳቸውን ይማርና እናታችን፣ ያቤጽ እዚያ መጥቶ የከረመ ጊዜ አልጋው አልበቃው ብሎ ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት ሲተኛ፣ «ማንም እንዳይሻገረው፣ ይቀጭጭብኛል» ብለው በር ላይ ይቀመጡ እንደነበር ትዝ ይልዎታል? ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር አልፎ። ከዚህ በላይ ወዴት እንዲያድግላቸው እንደፈለጉ አላውቅም።

የቱን መረጠ ላሉኝ፣ እስካሁን የተገዛ መኪና የለም። ስለ ወንበሩ ምቾትና ስለ አናቱ ቦታ የጠየቁትን በግምት መጻፍ አልፈለግሁም። ራሴ ሄጄ አይቼ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ ተናኘወርቅ


ካልጋሪ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምሥራች፣

የጌዲዮን ልብ ደህና ነው ስትዪኝ ስልኩን እንደያዝኩ መሬት ቁጭ አልኩ። ተመስገን። በየዓመቱ ይታይ ያሏችሁን ግን እንዳትረሱት። አባባስ የት ወሰዳችሁት አላሉም? ለትምህርት ቤት የጤና ወረቀት ነው ያልሻቸው ጥሩ ነው፣ ካመኑሽ።

ስለ ሌላው ደግሞ ተቆጥተሽኛል፤ ልክ ነሽ። «ልጅሽን ቀብረሽ መኪና መሸጫ ምን ወሰደሽ? የሆነ ነገር ጽፈሽ አትልኪም?» አልሽኝ። ምሥራች፣ እኔ የሆነ ነገር መጻፍ አልችልም። ለአባትሽ ስጽፍ ከፊቴ ተቀምጠው የሚያዩኝ ይመስለኛል። ትልቁን ነገር ደብቄያቸዋለሁ። ትንንሹን እንኳ እውነት ላድርግላቸው ብዬ ነው።

የሄድኩት ከራሕዋ ጋር ነው። ያቤጽ ሊያገባት የነበረችው ናት፤ ፎቶዋን ልኬልሻለሁ። ወላጆቿ ከአስመራ የመጡ ናቸው፤ እቤት አማርኛም ትግርኛም ነው የሚነገረው፤ እሷ እዚሁ ነው የተወለደችው። ለሴት በጣም ረጅም ናት፤ እኔ ጎኗ ስቆም የገበያ ዘንቢሏን ነው የምመስለው። የምትሠራው ያቤጽ ይሠራበት ከነበረው መጋዘን ብዙ በማይርቅ ሌላ መጋዘን፣ እዚያው ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል የሚባለው የመጋዘን ሰፈር ነው። ዶቨር ሰፈር ካለው ከወላጆቿ ቤት ተነሥታ በዚህ ብርድ ሁለት አውቶቡስ ትቀያይራለች። ዱሮ ያቤጽ ነበር በጓደኛው መኪና የሚያደርሳት። እና እሷም መኪና ያስፈልጋት ነበርና፣ «እትዬ፣ አብረን እንሂድ» አለችኝ።

ሻጩ አብዲ የሚባል፣ ወላጆቹ የሐረር ሰዎች የሆኑ፣ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። ቁመቱ ከእኔ እምብዛም አይበልጥም። ራሕዋን ከእግር እስከ ራሷ አያትና፣

«ሲስተር፣ ቆይ መሰላል ላምጣና ላናግርሽ» አላት።

«ኮፈኑ ላይ ውጣ፣ ይበቃሃል» አለችው።

ከዚያ በኋላ ተግባቡ። ሦስት ሃይብሪድ አሳየን። በሁለቱ ገብታ ወዲያው ወጣች። ሦስተኛዋ ግራጫ ናት፣ ጣሪያዋ ድፍን። አብዲ በሩ ላይ ተደግፎ፣

«ሲቱን ወደ ኋላ ግፊው፣ እስከ መጨረሻው» ይላታል።

«ገፍቻለሁ።»

«ወደ ታችስ አውርደሽዋል?»

«አብዲ፣ ከዚህ በታች አስፋልቱ ነው።»

እግሯ ተዘረጋ። ጭኗ ወንበሩ ላይ ሙሉውን ዐረፈ። አባባ በደብዳቤያቸው ጭን በአየር ላይ ከቀረ ረጅም መንገድ ወገብ ይገላል ብለው ነበርና እሱን አየሁ። መሪው ወደ ራሷ ይሳባል፣ እጇን መዘርጋት አላስፈለጋትም። ከዚያ እጄን ጨብጬ በአናቷና በጣሪያው መካከል አስገባሁት። ገባ።

«እትዬ፣ ሊትራሊ እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም» አለችኝ። «በሌሎቹ ራሴን እንደ ሻንጣ አጣጥፌ ነው የምገባው።»

ከዚያ ምን እንዳደረገች ልንገርሽ። ወርዳ በሌላኛው በር ዞረችና ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ወደ ኋላ፣ እስከ መጨረሻው ገፋችው። ቆማ አየችው። አብዲ ምኑም አያውቅ፣

«ሃዝባንድሽም ረጅም ነው እንዴ?» አላት።

«በጣም» አለችው።

እኔ አላረምኳትም። ተመልሳ ሹፌሩ ቦታ ተቀመጠችና ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። ክላክሱ ጮኸ፣ ዝም ብሎ ጮኸ። አላነሣችም። አብዲ እየሮጠ ዞሮ መጣ፤ መኪናው የተበላሸ መስሎት ነው። በእጄ ተወን አልኩት። ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ዘወር ብሎ ብርዱ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ይህን ሁሉ ለአባባ አልጻፍኩም። ለእሳቸው የጻፍኩት አጭር ነው።

ተናኘ


ካልጋሪ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ወልደየስ

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰዎ። የአስተርእዮ ማርያምም በሰላም ታድርስዎ። እዚህ በረዶው እስከ ጉልበት ነው፤ እኔን እስከ ወገብ ማለት ይቻላል።

በገባሁት ቃል መሠረት ሄጄ አየሁ። ከሦስት መኪና አንዷ ጥሩ ሆና ተገኘች። ግራጫ ናት። ስሟንና ሞዴሏን ከታች በእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጬልዎታለሁ።

የጠየቁኝን በየተራ ልመልስ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሲገፋ እግር ይዘረጋል፤ ፔዳሉን ለመርገጥ ጉልበት ሽቅብ አይነሣም። ጭን ወንበሩ ላይ ያርፋል። መሪው ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ ሹፌሩም ይንቀሳቀሳል። በሩ ሰፊ ነው፤ ሲገቡ ራስ አይመታም። ከአናት እስከ ጣሪያ አንድ ጭብጥ ይገባል። ይህን በራሴ እጅ ነው የለካሁት። ጭብጡ የእኔ ነው፣ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ገብቷል።

ድምፅ አላት ወይ ላሉኝ፣ ስትነሣ ድምፅ የላትም። የተነሣች አይመስልም። እርስዎ መስማት ስለተዉ ይህ ምንም አያጎድልብዎትም፤ እኔ ግን ደነገጥኩ።

ያቤጽ ስለ እርስዎ ሲያወራ ሁልጊዜ ይስቅ እንደነበር ያውቃሉ። ከማንም በላይ ይወድዎታል።

ዓይንዎን ይጠብቁ። አቧራ ሲነሣ ከቤት አይውጡ።

ልጅዎ ተናኘወርቅ


ካልጋሪ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምሥራች፣

የአባባ ሁለተኛው ዓይን በሰላም በመከፈቱ እግዚአብሔር ይመስገን። ትኬቴን ቆርጫለሁ፤ ሰኔ አጋማሽ ላይ እገባለሁ። የምሠራበት ዳቦ ፋብሪካ አንድ ወር ፈቅዶልኛል። ለእሳቸው ልትጠይቃችሁ ትመጣለች በያቸው፣ ሌላ ነገር አትጨምሪ።

«አባባ ስለ መኪናው መጠየቅ ተዉ» ያልሽኝን ደጋግሜ አነበብኩ። ምን ማለት ነው? ግራጫዋን ራሕዋ መግዛቷን እንኳ አልጻፍኩላቸውም፤ እንዴት ብዬ እጽፋለሁ። ምናልባት ጉዳዩ አልቆ ይሆናል ያሉት፤ ምናልባት ደክሟቸው። ሰው ካረጀ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ይሄዳል።

ፊትሽን እያዩ ይውላሉ ላልሽው ግን ምክር የለኝም። ምሥራች፣ ትንሽ ቀን ነው የቀረን።

እዚህ ሰፈራችን ቴምፕል ውስጥ በየቤቱ በር ላይ ልጆች ብስክሌት እየነዱ ነው። ቀኑ ረዝሟል። ያቤጽ ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ፀሐይ አለ፤ እሱ አልወድም። ክረምቱ ይሻለኝ ነበር፤ በጊዜ ይጨልም ነበርና።

ተናኘ


ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለተናኘወርቅ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ምሥራች አታውቀውም። ጎረቤታችን ነው ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ። ዓይኔ አሁን ሁለቱም ያያል። ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ስነዳ እንዲህ አጥርቼ ያየሁ አይመስለኝም።

ስለ ግራጫዋ መኪና የጻፍሽልኝን አነበብኩ። ከአናት እስከ ጣሪያ ጭብጥ ይገባል ብለሻል። በራስሽ እጅ ለካሽ፤ አምንሻለሁ፤ አንቺ ውሸት አትጽፊም። ግን አንድ ነገር ረስተሻል። ያችኑ መኪና፣ ስሟም ሞዴሏም ያው የሆነችውን፣ ያቤጽ ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ሞክሯት ጽፎልኛል። ራስሽ ነሽ የጻፍሽለት። «ያቤጽ አለ፣ ግራጫዋ ለእግር ትመቻለች፣ ጣሪያዋ ግን ፀጉሬን ያበጥርልኛል» ይላል። ሳነበው ስቄ ስለነበር አልረሳሁትም። የሰው አናት በሰባት ወር ጭብጥ ሙሉ አይወርድም። ስለዚህ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው አልኩ። ያቤጽ ሥራ ላይ ይሆናል፣ በሌላ ሰው ለክታ ይሆናል ብዬ ለራሴ መለስኩ። ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ያኔ የድሮ ደብዳቤዎችሽን ከሣጥን አወጣሁ። በእያንዳንዱ ላይ «ያቤጽ አለ» ይላል። ያቤጽ አለ፣ አያቴ መድኃኒት ይውሰድ። ያቤጽ አለ፣ በረዶ ጣለ። ከዚያ ከኅዳር ወዲህ የመጡትን አነበብኩ። አንድም ቦታ «ያቤጽ አለ» የሚል የለም። ይህ ቃል ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ይኖራል ማለት ነው። ወረቀት ላይ ግን አንድ ነው። እኔ ጆሮዬ ከደነቆረ ወዲህ ላልቶና ጠብቆ አይለይልኝም፤ ሁሉን በዓይኔ ነው የማነበው። ቃሉን ፈልጌ አጣሁት።

ጌዲዮንን ያለ ሕመሙ አዲስ አበባ ወስደው ልቡን አሳይተውታል። ለትምህርት ቤት ነው አሉኝ። የትኛው ትምህርት ቤት ነው ልብ የሚያይ? ልጁ ራሱ ደረቱ ላይ ምን እንዳደረጉለት በእጁ አሳይቶኛል። ስለዚህ በምን እንደሆነም ጠርጥሬያለሁ።

በሰኔ ትመጫለሽ ተብያለሁ። ለምን እንደምትመጪ ይገባኛል። ልጄ፣ ነይ፤ ቤትሽ ነው። ነገር ግን መርዶውን ይዘሽ አትምጪ። የጥላሁንን ያረዱኝ ጊዜ ትንሽ እሰማ ነበር። አሁን ምንም አልሰማም። አንቺ በቀስታ ብትነግሪኝ አይደርሰኝም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጆሮዬ ላይ ተደፍቶ መጮህ አለበት። ሰፈሩ እስኪሰማ መጮህ አለበት። መርዶ እየጮኹ አይነገርም። የልጄን ልጅ ስም እንዲህ አድርጎ ማንም እንዲጮህብኝ አልፈልግም።

በወረቀት አይነገርም እንደሚባል አውቃለሁ። ያን ሥርዓት ያወጡት የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። አንቺ ጻፊልኝ። በእጅሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ እንደምትጽፊው። ከምን እንደሆነም አታስቀሪብኝ። ከእኔ ከሆነ ከእርስዎ ነው በዪኝ።

አባትሽ ወልደየስ


ካልጋሪ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ወልደየስ

አባባ፣ ያቤጽ ሞቷል።

ይህን መስመር ጽፌ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። አሁን ማግስቱ ነው።

የሞተው በመስከረም ነው፣ ከመስቀል በኋላ። ጠዋት እቤት ቁርሱን በልቶ ወጣ። ጀርባዬን ወጋኝ አለኝ፤ የመኪናው ወንበር ነው፣ ትናንት የተቀመጥክበት ነው አልኩት፤ እሱም ይሆናል አለ። መጋዘን ደርሶ ሥራ ሊጀምር ሲል አልቻልኩም ብሎ ዕቃ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። አለቃው አምቡላንስ ጠራ። እኔን ከዳቦ ፋብሪካው ወስደው ሆስፒታል ሲያደርሱኝ አልቋል። ፊቱ ደህና ነበር። የተኛ ነው የሚመስለው። እግሩ ከአልጋው ወጥቶ ስለነበር አንዲት ነርስ ወንበር አምጥታ ሥሩ አድርጋለታለች።

የቀበርነው ከአባቱ ጎን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሞ ነበር። ጓደኞቹ፣ የሥራ ባልደረቦቹ፣ የማላውቃቸው ሕፃናት ሁሉ መጡ። ፍትሐቱ በሙሉ ተደርጎለታል። ዐርባውም ወጥቷል። የስድስት ወሩንም መጋቢት ላይ አውጥተናል። እርስዎ ሳያውቁ ይህን ሁሉ ማድረጌ ደስ አላለኝም።

ከምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ተቀዶ ነው። ሐኪሙ በዘር የሚሄድ ነው፣ በጣም ረጃጅም ሰዎች ላይ ይታያል አለኝ። ጥላሁንም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ከዚያ በላይ ከማን እንደመጣ አያውቅም። እርስዎ ሰማንያን አልፈው ቆመዋል፤ ከእናታችን በኩልም ሊሆን ይችላል። ከእርስዎ ነው ልል አልችልም፣ ከእርስዎ አይደለም ልልም አልችልም። የማላውቀውን አልጻፍኩም። ጌዲዮን ደህና ነው፤ ያን በወረቀት አይቻለሁ።

ከእርስዎ ከሆነም አባባ፣ የሰጡት እሱን ብቻ አይደለም። ሌላውንም ሰጥተውታል። በዚህ ከተማ ነፋስ ሲነፍስ በነፋሱ በኩል ነበር የሚሄድልኝ። ሱቅ ገብተን ከላይ መደርደሪያ ላይ ያለውን ለማያውቃቸው አሮጊቶች ሁሉ ያወርድላቸው ነበርና አንዳንድ ቀን ገበያችን አያልቅም። ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ዝቅ ሲል መስኮቱ ይጨልማል፤ ቀና ሲል ቤቱ ይሞላል። ያለ ቁመቱ የነበረ ያቤጽን አላውቀውም። ደም ሥሩን ትተህ ቁመቱን ስጠኝ ብዬ ለማን አቤት እላለሁ።

ግራጫዋ ውስጥ የተቀመጠችው ራሕዋ ናት። ሊጋቡ ነበር። እንደሚያገባ አልነገርኩዎትም ነበር፣ እሱንም ይቅር በሉኝ። መኪናዋን ገዝታ እየነዳቻት ነው። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ በዚህ በኩል ታልፍና ከደጄ ታቆማለች። ድምፅ ስለሌላት መምጣቷን የማውቀው በመስኮት ሳያት ነው። የጎኗን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ እንደገፋችው ነው ያለው። ሰው ሲቀመጥበት እግሩ ዳሽቦርዱ ላይ አይደርስም፤ እኔ ስቀመጥበት ኋላ ወንበር ያለሁ ይመስለኛል። ወደ ፊት ላምጣልዎት አላለችኝም፣ እኔም አምጪልኝ አላልኳትም።

በሰኔ እመጣለሁ። የምመጣው ለመናገር አይደለም፤ ተናግሬያለሁ። ላለቅስ ነው የምመጣው።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ይህን ሲያነቡ ምሥራች ጓዳ ትሆናለች። ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ነው የምታለቅሰው። እርስዎ ስለማይሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታለቅሳለች፤ እርስዎ ስለሚያዩ ደግሞ ፊቷን ታጥባ ነው የምትወጣው። የወንድሟ ልጅ ነው፤ እንደ ሰው ተቀምጣ አላለቀሰችለትም። እባክዎን ይጥሯትና ወረቀቱን ያሳዩዋት። ዛሬ ፊቷን እንዳትታጠብ ይንገሯት።

ልጅዎ ተናኘወርቅ